እናት «አትቸገሪ» ስትል

«ሴትዮዋ እኮ የለችም!»

ሬዲዮ ይህን ሳትናገር የዋለችበት ቀን ካለ፣ ወይ እሷ ታማለች ወይ እኔ ቢሮ አልገባሁም። ሬዲዮ የምንላት የቢሯችን እንግዳ ተቀባይ ናት። ስልክ ታነሳለች፣ በር ትከፍታለች፣ ያለቀ ሥራ ለደንበኛ ትልካለች፤ በተረፋት ጊዜ ደግሞ፣ ማለትም ቀኑን ሙሉ፣ ታሰራጫለች። ድምፅ መቀነሻ የላትም። ገና ቦርሳዬን ወንበሩ ላይ ሳላንጠለጥል፣ «ፕሮፌሰር፣ ዛሬም ያቺን የሌለች ሴትዮ ልትተረጉሚ ነው?» ትለኛለች። ፕሮፌሰር የምትለኝ የዩኒቨርሲቲን በር ከውጭ በኩል ብቻ ስለማውቀው ነው። እኔም፣ «አዎ፣ ላንቺማ ምን አስተርጓሚ ያስፈልጋል፣ ከተማው ሁሉ ይሰማሻል» እላታለሁ። እንዋደዳለን ማለት ይቻላል።

ወሬው እንዲህ ነው። ከአንዲት ስፓኒሽ ተናጋሪ እናት በየሳምንቱ የሚደርሰን የድምፅ መልእክት የእውነት አይደለም። እናት የለችም፤ ልጅም የለችም። ሥራ የሚሰጠን የውጭ ድርጅት ተዋናይ ቀጥሮ እየፈተነን ነው። አንድ ቃል ከጨመርን ወይ ከቀነስን ውላችን ይሰረዛል፣ ቢሮው ይዘጋል። «ከማን ሰማሽው?» ስትባል፣ «እኔ እንጃ፣ ሰው ሲያወራ ሰማሁ» ትላለች። ያ ሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ ባለቤት ስለሌለውም የሚያስተባብለው አልተገኘም።

ቢሯችን ከጎማ ጥገና ቤት በላይ ያለች አንዲት ረጅም ክፍል ናት። ከታች የአየር መጭመቂያው በተነሳ ቁጥር ጠረጴዛዬ ይንዘፈዘፋል፤ በማዳመጫዬ ውስጥ የሚያለቅስ ሰው ካለ ዕቃው ሁሉ አብሮት ሆድ የባሰው ይመስላል። አሠራራችን ቀላል ነው። ተርጓሚው ያዳምጣል፣ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ ያትማል፣ ለአራሚው ይሰጣል። አራሚው በቀይ እስክሪብቶ አርሞ ከታች ሲፈርምበት ሬዲዮ ትልከዋለች። ያለ ቀይ ፊርማ ከዚያ ቤት የሚወጣው የሬዲዮ ወሬ ብቻ ነው።

አራሚውም አለቃውም አንድ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ሰረዝ። ነጠላ ሰረዝ የጎደለበት ወረቀት ካዩ ምሳ የማይወርድላቸው፣ ኮታቸው ክርኑ ላይ የሳሳ፣ እንግሊዝኛን ከልጆቻቸው አስበልጠው ያሳደጉ ሽማግሌ ናቸው። ስፓኒሽ አይችሉም። በቢሮው ውስጥ ስፓኒሽ የምችለው እኔ ብቻ ነኝ፤ ይህንንም እንዳይዘነጉት አልፎ አልፎ አስታውሳቸዋለሁ።

ስፓኒሽን ማንም አላስተማረኝም። በጎረቤት ሳሎን በር ላይ ቆሜ ካየኋቸው ተከታታይ ድራማዎችና ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ካገኘሁት መዝገበ ቃላት ነው የለቀምኩት። መዝገበ ቃላቱ ከፊቱ ተገንጥሎ ስለነበር፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት የሚጀምሩትን ቃላት በሙሉ የተማርኩት ከሚያለቅሱ ሴቶች አፍ ነው። ፍቅርም፣ ስንብትም፣ መተውም በስፓኒሽ እዚያው የተገነጠለው ክፍል ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ሰርተፍኬት ያላቸው የማይሰሙትን እሰማለሁ ብል ትዕቢት አይደለም። ቢሆንም ግድ የለኝም።

ሴትዮዋ አለች። ይህን ከመጀመሪያው መልእክት ጀምሮ አውቄዋለሁ። ከድምፅዋ ኋላ ባልዲ ውስጥ የሚንጠባጠብ ውኃ አለ፤ ባልዲው ሲሞላ ድምፁ ይወፍራል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ባዶው ባልዲ እንደገና ከቀጭኑ ይጀምራል። የምትቀመጥበት ወንበር ይንጫጫል። ሳል ሲመጣባት ስልኩን ከአፏ ታርቀዋለች፣ ልጅዋ ጆሮ እንዳይገባ። ሰው እንዳይሰማው ተጠንቅቆ የሚስል ተዋናይ የት አገር ነው ያለው?

ልጅቷ የምትኖረው እንግሊዝኛ በሚነገርበት አገር ነው። የእናቷን መልእክት በውጭው ድርጅት በኩል ለእኛ ታስተላልፋለች፣ እኛ እንግሊዝኛውን ጽፈን እንመልስላታለን። ስሟን አናውቅም፤ የደንበኛ ስም ለተርጓሚ አይሰጥም። ጡት ሳትጥል የተወሰደች ልጅ መሆን አለባት ብዬ ደመደምኩ። አለዚያማ የገዛ እናቷን አፍ ምን አስቸግሯት እኔን ትጠይቃለች?

ጋሼ ሰረዝ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ግትር አልነበሩም። ሴትዮዋ መልእክቷን የምትከፍተው ሁልጊዜ «አኪ አንዳሞስ» ብላ ነው። ቃል በቃል ከሄድን «እዚህ እየተራመድን ነው» እንደማለት ነው። ይህን የመሰለ እንግሊዝኛ ጽፌ ስሜን ከማሰድብ ብዬ ቦታውን ባዶ ትቼ ወደ ጠረጴዛቸው ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ሰው እንዴት ነዎት ሲልዎት ምን ይላሉ?»

«አለሁ።»

«መኖርዎን ለማሳወቅ ነው?»

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። «ኧረ እንደው… ብዙም አይደለሁ፣ ግን እንዳትጠይቀኝ ለማለት ነው።»

«እሷም ያንኑ ነው ያለችው።»

ከልባቸው ሳቁ። ያን ቀን ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ አብረን ተቀምጠን ለዚያች ለአንዲት አባባል የሚሆን እንግሊዝኛ ስንፈልግ ዋልን። እሳቸው የሚያቀርቡት በጣም ደስተኛ ይሆንብናል፣ እኔ የማቀርበው ደግሞ ሊሞት የደረሰ ሰው ይመስላል። በመጨረሻ በመካከል የምትውል አንዲት ደከም ያለች ሐረግ አገኘን። ጋሼ ሰረዝ ነጠላ ሰረዟን እንደ ጌጥ አደረጉላትና ፈረሙ። እውነት ለመናገር ሥራዬን የወደድኩት ያን ቀን ነው።

የሬዲዮ ወሬ ጆሯቸው የደረሰ ሰሞን ግን ሁሉም ነገር ተለወጠ። አንድ ጠዋት ሁላችንንም አቁመው፣ «ከዛሬ ጀምሮ የተባለው ይጻፋል፣ ያልተባለው አይጻፍም» አሉ። «እኛ ትርጉም እንጂ ትንቢት አንሸጥም።»

ሌሎቹ ወደ ወንበራቸው ሲመለሱ እኔ ቀረሁ።

«ጋሼ፣ እርስዎም የሬዲዮን ወሬ አመኑ?»

«አላመንኩም።»

«ታዲያ?»

«እውነት ቢሆንስ?»

ከሰው ጋር ሳይሆን ከስጋት ጋር መከራከር ለካ እንዲህ ያደክማል።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ነው ሴትዮዋ «ኖ ቴ ሞሌስቴስ» ማለት ያበዛችው። አትቸገሪ ማለት ነው። አማርኛ ያለው ሰው ይህን እንዲያስረዱት አይጠብቅም። «አትቸገሪ» የምትል እናት በሌላ እጇ ወንበሩን እየወለወለች ነው። «ኧረ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ምን አደከመሽ» ስትል ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነው። ስፓኒሿም እንደዚያው ናት፤ ቃሉ ይመልስሻል፣ ቃናው ይስብሻል። እንግሊዝኛው «ዶንት ቦዘር» ግን ደርቆ የተቀመጠ ነገር ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሲሰማው የሚያየው ፊቱ ላይ የተዘጋ በር ነው። «ቱ ሳብራስ»ም አለች፤ «እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» የምንላት፣ ምርጫውን ሰጥታ ልብን የምታስቀር። እሷም በጋሼ ሰረዝ ቀይ እስክሪብቶ ስር «ውሳኔው ያንቺ ነው» ሆና ወጣች፤ የባንክ ሠራተኛ የጻፋት ትመስላለች።

ስለዚህ ልጅቷ በየሳምንቱ የሚደርሳት፣ አትምጪ፣ እኔ ምን ቸገረኝ፣ ውሳኔው ያንቺ ነው የምትል እናት ናት። እኔ በማዳመጫዬ የምሰማት ደግሞ በየሳምንቱ አንድ እርምጃ እየቀረበች፣ ነይልኝ፣ ነይልኝ የምትል ሴት። በሁለቱ መካከል የቆምኩት እኔ ነኝ፤ እጄ ደግሞ ታስሯል።

ቤት ስገባ እማዬ እንደ ልማዷ ስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። የሰው መጋረጃ ጠርዝ እያጠፈች ትሰፋለች። ወንድሜ ከሄደ ወዲህ የእሱን ክፍል የጨርቅ ማስቀመጫ አድርጋዋለች፤ አልጋው ግን ላዩ ላይ ምንም አይደረግበትም። ያን ቀን እሱ ደውሎ ነበር። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ይዛ፣ መኪናዋን ሳታቆም፣ «እኔ ምን ጎደለኝ ልጄ! አንተ ብቻ ደህና ሁን። በየጊዜው እደውላለሁ ብለህ ደግሞ እንዳትቸገር» አለችው። ስልኩን ዘጋችና፣ «አይደውልም እኮ ይሄ ልጅ» አለችኝ።

«አሁን አይደል እንዴ የደወለው?»

«እሱማ ደወለ።»

የሥራ ድምፅ ከቢሮ ይዞ መውጣት ክልክል ነው። እኔ ግን ሴትዮዋን በቃሌ ይዣታለሁ። ወገቤን ይዤ፣ ድምፄን አስረጅቼ፣ ሳሏንም ወንበሯንም ጨምሬ አሰማኋት። እማዬ አንዲት የስፓኒሽ ቃል አታውቅም። መርገጫውን አቁማ አዳመጠችኝ።

«ልጇን ነው የምትጠራው» አለች።

«በምን አወቅሽ?»

«እንዴ! ምን መታወቅ አለው? እና ልጅቷ ምን አለች?»

«ምንም። እኛ ጽፈን እንልክላታለን፣ ታነባለች፣ በቃ።»

እማዬ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «እንግዲያው ተያት። ልትመጣ ያሰበች ልጅ ትኬት ትቆርጣለች እንጂ አስተርጓሚ አትቀጥርም።»

«እማዬ ደግሞ! ቋንቋው ስለማይገባት እኮ ነው። ቢገባት ኖሮ በሁለተኛው ቀን እዚያ ነበረች።»

«እሺ» አለች መጋረጃውን ወደ መርፌው እየመለሰች። «አንቺ ታውቂያለሽ።»

ከዚያ ያ መልእክት መጣ።

ባልዲው ከሩቅ ነው የሚሰማው፤ ወንበሩ አይንጫጫም። ተኝታ ነው የምትናገረው። ሐኪሙ መጥቶ እንደነበር፣ ከእሷ ይልቅ ከጎረቤቷ ጋር ኮሪደሩ ላይ ብዙ እንዳወራ፣ ጎረቤቷ ስትመለስ ዓይኗን ደብቃ «ሾርባ ላሙቅልሽ?» ብቻ እንዳለቻት እየሳቀች ተናገረች። ሳቋ መሐል ላይ ሳል ሆነና ስልኩን አራቀችው። ስትመለስ ድምፅዋ ቀጥኗል። «ኖ ቴ ሞሌስቴስ፣ ኢሃ።» ልጄ፣ አትቸገሪ። ሥራ አለብሽ፤ መንገዱም ሩቅ ነው። ቱ ሳብራስ። እኔማ፣ «ሴ ሜ ኤስታ አሲየንዶ ታርዴ»።

እየመሸብኝ ነው። ቃሉ ይኸው ነው። ነገር ግን ስፓኒሽ ተናጋሪ ቀጠሮ ሲረፍድበት፣ ኮቱን አንስቶ ቁልፉን ሲፈልግ በየቀኑ የሚላት ተራ አባባል ናት፤ መዝገበ ቃላቱም «ረፈደብኝ» ብሎ ያልፋታል። ሴትዮዋ ግን የምትነሳበት ቀጠሮ አልነበራትም፤ ከዚያ አልጋም የምትነሳ አትመስልም። አማርኛ ቢሆን ኖሮ ይህን ለመጻፍ አንዲት ቃል ይበቃኝ ነበር። እንግሊዝኛው አስማጠኝ። በመጨረሻ፣ ነይ ልጄ፣ ብዙ ጊዜ የለኝም የሚል አድርጌ ጻፍኩና አትሜ ሄድኩ።

ጋሼ ሰረዝ ስፓኒሹን ቢያደምጡም ስለማይገባቸው የሚያነቡት ከጎኑ የጻፍኩትን የቃል በቃል ፍቺ ነው። ጣታቸውን ከአንዱ ወደ ሌላው አመላለሱ።

«ይቺ 'ነይ' ከየት መጣች?»

«ከድምፅዋ።»

«በአፏ 'ነይ' አለች?»

«'አትቸገሪ' አለች። ያው ነው።»

«ያው ነው!» ወንበራቸውን ወደ ሬዲዮ አዞሩ። «ሰማሽልኝ? አትምጪ ማለት ነይ ነው። ከነገ ጀምሮ 'አይሆንም'ን 'እሺ' ብለን እንሸጣለን።»

«ጋሼ ሙት፣ ፈተናው እኮ እንዲህ ያለውን ሰው ለማጥመድ ነው የተሰናዳው!» አለች ሬዲዮ። «ፕሮፌሰር፣ ተይ ስንልሽ ተይ።»

«አንቺ ዝም በይ፣ ማስታወቂያ ሲያልቅ እንጠራሻለን» አልኳት። ወደ እሳቸው ዞርኩ። «እሺ፣ ቃሉን እንዳለ እንተወው፤ ግን ከስር አንዲት ማስታወሻ ልጻፍ። ይህች እናት እንዲህ ስትል እንዲህ ማለቷ ነው ብዬ።»

«ፈታኝ ማስታወሻ ሲያይ ምን ይላል? መተርጎም ያቃታቸው ናቸው ይላል።»

«ፈታኝ የለም! ሴትዮዋ ልትሞት ነው ጋሼ!»

«እሱንም አላለችም።»

ድምፄ ከጎማ ቤቱ መጭመቂያ በላይ ሆነ። «እናትዎ 'ሥራህን ሥራ፣ እኔ ደህና ነኝ' ብለውዎት አያውቁም?»

ቀዩ እስክሪብቶ አየር ላይ ቀረ። «ብለውኛል» አሉ።

«እና?»

«እና ሥራዬን ሠራሁ።»

ቀና ሳይሉ «ነይ» የምትለዋን ሰረዟት። ቀጥታ፣ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል መስመር ነበር። ከላይ በሚያምር እጅ ጽሕፈታቸው «ዶንት ቦዘር» ብለው ጻፉ፤ ከእሷ ቀጥሎ «ውሳኔው ያንቺ ነው»፤ መጨረሻ ላይ «አይ አም ረኒንግ ሌት»፣ ረፈደብኝ። ታክሲ በር ላይ ቆሞ ጥሩንባ የሚነፋባት ሴት የምትናገረው ይመስላል። ፈረሙበት።

«እዚህ ክፍል ውስጥ የስንት ሰው ጉሮሮ እንዳለ ታውቂያለሽ» አሉኝ ቀስ ብለው። «እኔስ ጡረታዬ ደርሷል። አንቺን ያለ ወረቀት ማን ይቀጥርሻል?»

ይህን ሲሉ ሊያዋርዱኝ አልነበረም፤ ለዚህ ነው ያቃጠለኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሬዲዮ ወደ ታች ወረደች፤ ከጎማ ሠራተኞቹ ጋር ካላወራች ምግብ አይፈጭላትም። መላኪያው ኮምፒውተር ክፍት ነበር። ቀይ ፊርማ ያለበትን ወረቀት ገልብጬ አስቀመጥኩትና የራሴን ላክሁ። ከስሩም ማንም ያላዘዘኝን ጨመርኩ፤ እናትሽ አትቸገሪ የምትልሽ እንድትመጪላት ነው፤ አብረሽ ስላላደግሽ ይህ ላይገባሽ ይችላል፤ ፍጠኚ። ስጨርስ እዚያው ቁጭ አልኩ። ሬዲዮ ተመልሳ ፊቴን ስታይ ሁሉም ገባት። ለጋሼ ሰረዝም የነገርኳቸው እኔው ራሴ ነኝ። ሌላ ሰው አፍ ውስጥ ሲደርስ ነገሬ እንዳይበላሽብኝ።

አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። «ከሰው ድምፅ ትነሻለሽ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የልብስ ማጠቢያ ማሽን መመሪያ እንድተረጉም ተደረግሁ። ክዳኑ ሳይዘጋ አያስነሱ። ሕፃናት ከበሮው ውስጥ እንዳይገቡ ይጠንቀቁ። የማሽን መመሪያ ሁሉንም እንደተባለው ነው የሚለው፤ ቃና የለውም፤ ጋሼ ሰረዝ በደስታ ይፈርሙበታል።

መልእክቱ ደርሷል። ከጎኑ «ተነቧል» የምትል ምልክት ወጥታለች፤ እሷን በየጠዋቱ በሬዲዮ ትከሻ ላይ አንገቴን አስግጌ አያለሁ። መልስ የለም። አንድ ቀን ሬዲዮ እንደ ዋዛ፣ «መለሰች እንዴ?» አለችኝ።

«የሌለች ሴትዮ የሌለች ልጅ ምን ብላ ትመልስ?»

«እኔ እንጃ፣ ዝም ብዬ ነው የጠየቅሁሽ» አለችና ጠረጴዛዋን መወልወል ጀመረች።

በልቤ ግን ተስፋ አልቆረጥኩም። ትኬት እየፈለገች ነው፣ ፈቃድ እየጠየቀች ነው፣ አሁን አውሮፕላን ውስጥ ናት እያልኩ፣ ስለ ማጠቢያ ማሽን እየጻፍኩ፣ ያቺን ልጅ ስንት ጊዜ በደረጃ አስወጥቻት በሩን አስንኳኳኋት። እማዬ ማታ ማታ ፊቴን ታይና አትጠይቀኝም።

የሴትዮዋ አዲስ መልእክት ግን ከዚያ ወዲህ አልመጣም። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሌላም ተከተለው። ሬዲዮ ከወንበሯ ተነስታ አጨበጨበች። «አላልኳችሁም? ፈተናው አለቀ! አለፍን!» ከታች ብስኩት አስመጥታ ለሁሉም አዞረች። ጋሼ ሰረዝ ድርሻቸውን ተቀብለው ወረቀታቸው ጥግ ላይ አስቀመጡት፤ ሲወጡም እዚያው ነበር።

ትንሽ ቆይቶ፣ እኔ ስለ ውኃ ማስወገጃ ቱቦ እየጻፍኩ ሳለ፣ ጋሼ ሰረዝ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ።

«ማዳመጫሽን አድርጊ» አሉኝ። «ያቺ ደንበኛ ናት፣ ልጅቷ። ከእናቷ ጎረቤት ጋር በስልክ መነጋገር ፈልጋ አስተርጓሚ ጠይቃለች። ስፓኒሽ ያለሽ አንቺ ነሽ።»

ሬዲዮ አፏን ከፍታ ቀረች። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልተሰራጨም።

በስልክ ስንተረጉም ደንቡ በተናጋሪው አፍ መናገር ነው፤ «እንዲህ አለች» አይባልም፣ «እኔ» ይባላል። መስመሩ ሲገናኝ ጎረቤቲቱ ቀድማ ተሰማች፤ ደረቷ የሚያፏጭ ትልቅ ሴት ናት። ከኋላዋ ባልዲው ይንጠባጠባል። የት እንዳለች ለማወቅ ሌላ ነገር አላስፈለገኝም። ከዚያ ልጅቷ መጣች። እንግሊዝኛዋ ፈጣን፣ ቁጥብ፣ መኪና ውስጥ ሆና ሞተሩን ሳታጠፋ የምታወራ ሰው ዓይነት ነው። ስለ ቀብሩ አልጠየቀችም፤ ማለፉን ሁለቱም ያውቃሉ። ያላወቅኩት እኔ ነበርኩ። ለመተንፈስም ጊዜ አልሰጡኝ።

ጉዳዩ ክፍሉ ነው። አከራዩ ዕቃው ይነሳልኝ ብሏል።

«ለሚፈልገው ስጡት» አለች ልጅቷ በእንግሊዝኛ። «ሁሉንም።»

ለሚፈልገው ስጡት፣ ሁሉንም፣ አልኩ በስፓኒሽ፣ በእሷ አፍ።

ጎረቤቲቱ ቀጠለች። «ልብሱን እሺ፣ ድስቱንም እሺ። በመስኮቱ በኩል ያለውን አልጋ ግን ምን ላድርገው? እሱ የእሷ አይደለም። ያንቺ ነው። ከታመመች ወዲህ ከአንዱ ለምና ያስመጣችው ታጣፊ አልጋ ነው። አንሶላውን በየሳምንቱ ታስለውጠኝ ነበር። ማንም ሳይተኛበት አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ አነጥፋለሁ። ላንቺ በስልኩ ከመናገሯ በፊት ሁልጊዜ 'አልጋው ተነጥፏል ወይ?' ትለኛለች። 'ተነጥፏል' ካልኳት በኋላ ነው 'አትቸገሪ' የምትልሽ። እንደተነጠፈ ነው ያለው። አልነካሁትም።»

እንግሊዝኛውን ለመጀመር አፌን ከፈትኩ። «አልጋው…» አልኩ፤ ከዚያ ቃል አጣሁ። እኔ ቃል አጣሁ።

«ያ ፓራ ኬ፣ ሴኞራ።»

የጎረቤቲቱ ድምፅ አልነበረም፤ የልጅቷ ነው። አሁንማ ምን ሊያደርግ፣ እትዬ። «ኖ ሴ ሞሌስቴ።» አይቸገሩ። በስፓኒሽ፣ ያውም እኔ ከድራማ በለቀምኩት ዓይነት ሳይሆን በእናቲቱ በራሷ ስፓኒሽ፤ ያው መጎተት፣ ያው መጨረሻ ላይ ዝቅ ማለት። ከዚያ ስልኩን ከአፏ አራቀችው። ከሩቅ የሆነ ድምፅ ተሰማ፣ ሳል ይሁን ሌላ ነገር አልለየሁትም። መስመሩም ተቋረጠ።

ጎረቤቲቱ አልዘጋችም ነበር። ትንፋሽዋም ባልዲውም ይሰማኛል። አስተርጓሚ የራሱን ጥያቄ መጠየቅ ክልክል ነው። ጋሼ ሰረዝ ከጎኔ ቆመው እያዩኝ ጠየቅኩ።

«እትዬ፣ ልጅቷ ስፓኒሽ ትችላለች እንዴ?»

«ምን ማለትሽ ነው የኔ ልጅ?» አለች ጎረቤቲቱ። «ትምህርቷን ጨርሳ እስክትሄድ ድረስ እዚሁ ክፍል ውስጥ ነው ያደገችው። እናቷ ለጎረቤት ሁሉ 'አትቸገሩ' ማለት ትወድ ነበር፤ እኛም የእውነት መስሎን ትተናት ስንወርድ፣ 'አትሂዱ፣ ኑ ማለቷ ነው' እያለች በደረጃው ሮጣ የምትመልሰን እሷ ነበረች።»